ሳትጨምሩበት ዘይቱ ከፍ ካለ ሞተሩን አታስነሡት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ የናፍጣ ትራክተሮች

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት አንድ ነገር ላይ ያጠነጥናሉ፤ የሞተር ዘይት ልክ። ሲሰሙት ቀላል ነው። የዘይት መለኪያ ዘንጉን መምዘዝ፣ ማየት፣ መመለስ፣ አለቀ። ግን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ፣ ስንት ክረምት ያረሰ ሞተር በዚህች ቀላል ነገር ሲጠፋ ማየት ያናድዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ቦታውን በሙሉ ለዚህ ሰጥተነዋል። ለማሳጠር ያህል ደብዳቤዎቹን ቀንሰናቸዋል፤ ስማችሁንም አላወጣንም።

ከአሰላ አካባቢ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአባቴ የወረስኳት ማሴ ፈርጉሰን 135 አለችኝ። ማታ ከእርሻ ስመለስ ዘይቷን ሳይ ከታችኛው ጭረት በታች ነው፣ እጨምራለሁ። ጠዋት ደግሞ ሳያት ከላይኛው ጭረት አልፏል። ግራ ገባኝ። የቱን ልመን?

ጠዋት ያየኸውን እመን፣ ወንድሜ። ማታ ዘይት ጎድሎህ አይደለም፤ ዘይቱ ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ሞተር ሲሠራ ዘይቱ ኮፓው ውስጥ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ባለው ቋት ውስጥ፣ ተኝቶ አይቆይም። ፓምፑ እየሳበ ወደ ፊልትሮው፣ ወደ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ አካል)፣ ላይ እስከ ቫልቮቹ ድረስ ይልከዋል። ስታጠፋው ያ ሁሉ ዘይት በየግድግዳውና በየቀዳዳው እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። አንተ ደግሞ ደክሞህ፣ ርቦህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዘንጉን ትመዝዛለህ። የ135 ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ጠቅላላ የሚይዘው 7 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ግማሽ ሊትሩ እንኳ ላይ ቢቀር ዘንጉ ላይ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ይታያል። አንተ ያንን ጉድለት ሞላኸው፤ ሌሊቱን ደግሞ ላይ የቀረው ወረደና ሁለቱ ተደመሩ። ጠዋት ከጭረቱ አልፎ ያገኘኸው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዘይት ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 20 ዲግሪ የነበረ ዘይት 90 ዲግሪ ሲደርስ 5 በመቶ ያህል ያብጣል። ከ7 ሊትር ላይ ይህ ወደ ሲሶ ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ሞቃት ሆኖ ሙሉ በሙሉ የወረደ ዘይት ከቀዝቃዛው ትንሽ ከፍ ብሎ ይነበባል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ማየት ነው፤ እኔ የምመክረው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ቀን ላይ ማየት ግድ ከሆነብህ አጥፍተህ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቅ። ምሳህን ብላና ተመለስ።

አቋቋሟም ወሳኝ ነው። አንድ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ሆኖ፣ ወይም ግቢው ወደ በሩ እንደሚያዘቅዝ እያወቅህ የምታየው ልክ ምንም አይነግርህም። ዘይት ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሄዳል፤ ዘንጉ ዝቅ ባለው ጎን ከሆነ ሙሉ ይመስላል፣ ከፍ ባለው ጎን ከሆነ ባዶ ይመስላል። ግቢህ ውስጥ አንድ ደልዳላ ቦታ ፈልግ። የማደርያዋ ቦታ እሱ ይሁን፣ ሁልጊዜም እዚያው ላይ እያት።

አሁን ወደ አመዛዘዙ። መጀመሪያ የዘንጉን አፍ ዙሪያ በጨርቅ ጥረግ። በአጨዳ ወቅት እዚያ ላይ የተከመረው አቧራና ገለባ ዘንጉን ስትመልስ ተከትሎ ይገባል፤ ያ አቧራ ብሮንዚናውን፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበትን ለስላሳ ብረት፣ እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ጨርቁ ክር የማይመዝ ይሁን። ከዚያ ዘንጉን ምዘዝና ጥረግ። የመጀመሪያው አይቆጠርም፤ ትራክተሯ ስትንቀሳቀስ የተረጨ ዘይት ዘንጉ ላይ እላይ ድረስ ተለጥፎ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ግፍተህ አስገባው፣ ትንሽ ቆይ፣ ቀስ ብለህ ምዘዝ። ጫፉን ወደ ላይ ገልብጠህ አትይ፤ ዘይቱ ወደ እጅህ ይወርድና ልክ ያልሆነ ነገር ያሳይሃል። አግድም ያዘውና ሁለቱንም ጎን እይ። አንዱ ጎን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ካሳየ ትክክለኛው ዝቅ ያለው ነው፤ ከፍ ያለው ዘንጉ ሲወጣ የቱቦውን ግድግዳ ነክቶ ነው። ዘይቱ አዲስ ተቀይሮ ገና ንጹሕ ከሆነ ዓይን ያታልላል። ያኔ ዘንጉን በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ጋደም አድርገው፤ ወረቀቱ እስከየት እንደረጠበ ወለል ብሎ ይታይሃል።

በሁለቱ ጭረቶች መካከል እስካለ ድረስ ምንም አትጨምር። ብዙ ሰው የላይኛውን ጭረት ካልነካ እንቅልፍ አይወስደውም፤ አያስፈልግም። ወደ ታችኛው ከተጠጋ ግማሽ ሊትር ጨምር፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ እንደገና እይ። አንድ ሊትር በአንዴ አትገልብጥ።

አሁን ግን ያንተዋ ሞልታለች። ነገ ጠዋት ከማስነሣትህ በፊት ከታች ያለውን ብሎን ላላ አድርገህ ትርፉን በንጹሕ ዕቃ አውጣ። ዘይት ሲበዛ ክራንክ ሻፍቱ እየመታው አረፋ ያደርገዋል። ፓምፑ ደግሞ አረፋ ሲስብ ግፊት ያጣል። ከዚያ ወዲያ ከኋላ ባለው ጎሚኒ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) በኩል ማንጠባጠብ፣ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ይመጣል፤ ባለቤቱም «ዘይት በላች» ብሎ መልሶ ይጨምራል።

ከባሌ ሮቤ፦ ማሴ ፈርጉሰን 165 አለችኝ፣ እያከራየሁ ነው የማሠራት። ሹፌሩ «ዘይት የማትበላ ትራክተር ናት» እያለ ያመሰግናታል። ለሁለት ወር ጠብታ አልጨመርንም፤ እንዲያውም ልኩ ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ብሏል። መቼም ጥሩ ምልክት ነው አይደል?

አይደለም፣ እህቴ። ይህን መልስ ሲያነቡ ትራክተሯ ሥራ ላይ ከሆነች ደውለው ያስቁሟት። ከዛሬዎቹ ደብዳቤዎች ሁሉ ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው።

ዘይት በራሱ አይወለድም። ሳይጨመርበት ልኩ ከወጣ ሌላ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው፤ ወይ ናፍጣ፣ ወይ ውኃ። የሚቀንስ ዘይት ቢያንስ ዘንጉ ላይ ይታያል፣ ሰውም ይደነግጣል፣ ይጨምራል። የሚወጣ ዘይት ግን ባለቤቱን እያስደሰተ ነው ሞተሩን የሚገድለው። ደግሞ ይህን ያስተውሉ፤ ያረጀ ሞተር ትንሽ ትንሽ ዘይት መብላቱ የተለመደ ነው፣ የበላውን ደግሞ ናፍጣ እየተካለት ከሆነ ዘንጉ ለሁለት ወር «ምንም አልጎደለም» ሊል ይችላል። ውስጥ ያለው ግን ዘይት ሳይሆን የዘይትና የናፍጣ ቅልቅል ነው።

መጀመሪያ ያሽትቱት። ዘንጉን ወደ አፍንጫ ቀረብ ሲያደርጉት ናፍጣ ናፍጣ ይላል? በጣት መካከል ሲያሹት ልዝብነቱ ጠፍቶ እንደ ውኃ ቀጥኗል? ከዚያ አንዲት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣል አድርገው እስከ ማግሥቱ ይተዉት። መሐሉ ጥቁር ሆኖ ዙሪያው ሰፊ፣ የሚያብለጨልጭ የቅባት ቀለበት ከሠራ ናፍጣ መኖሩን ይጠርጥሩ።

ናፍጣ ከሆነ በነዚህ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ የምጠረጥራት ትንሿን የናፍጣ ማመላለሻ ፓምፕ ነው። ከሞተሩ ጎን የተገጠመች፣ ናፍጣውን ከሳልባትዮው (ከናፍጣ ታንኩ) እየሳበች ወደ ፊልትሮው የምትገፋ፣ አየር ሲገባ በእጅ የምንጫናት ምላስ ያላት። ውስጧ የጎማ ሽፋን አለ። ያ ሽፋን ሲቀደድ ናፍጣው በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። መመርመሩ ከባድ አይደለም። መካኒኩ ብሎኖቿን ፈትቶ ፓምፗን ከሞተሩ ያላቅቃት፣ የመግቢያ ቱቦዋ ግን እንደተያያዘ ይቆይ፤ ከዚያ ምላሷን በእጁ እየጫነ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ጎኗን ይይ። ከዚያ በኩል ናፍጣ ካንጠባጠበች ጥፋተኛዋ ተገኘች። ዋጋዋ ከሞተር ማሠሪያ ጋር አይወዳደርም።

እሷ ደህና ከሆነች ሁለተኛው ዋናው የናፍጣ ፓምፕ ነው። በ135ና በ165 ላይ በብዛት የምናገኘው ክብ የሚሽከረከረው፣ ካቭ የተባለው ፓምፕ የሚቀባው በራሱ በናፍጣው ነው፤ የመዘውሩ ጎሚኒ ሲያልቅ ናፍጣው ከፊት ባለው የማርሽ ቤት በኩል አድርጎ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ሦስተኛ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣ መርጫ። ኖዝል በደንብ ካልረጨ ያልተቃጠለው ናፍጣ ሲሊንደሩን እያጠበ ይወርዳል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከነጭ ወይም ከጥቁር ጭስና ከሚያንኳኳ ድምፅ ጋር ይመጣል።

ውኃ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ሌላ ነው። ትራክተሯ ሌሊቱን ቆማ ትደር። ጠዋት፣ ሳትነሣ፣ የኮፓውን ብሎን ቀስ ብለው እስኪያንጠባጥብ ብቻ ያላሉትና የመጀመሪያውን ጠብታ ውስጡን በሚያሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀበሉት። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ከሥር ይተኛል፤ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ከወጣ የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ መቃጠሉን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን ያስመርምሩ፣ የራዲያተሩንም ውኃ ይከታተሉ፤ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። እንደ እናንተ ባለ ደጋ አገር፣ ትራክተሯ ለአጭር መንገድ ብቻ እየተነሣች ሳትሞቅ የምትጠፋ ከሆነ ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ነጭ አረፋ መሰል ነገር ሊለጠፍ ይችላል። ያ ከአየሩ እርጥበት የሚመጣ ነው። ክዳኑ ላይ ብቻ ካለ፣ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና ልኩ ካልወጣ ቴስታታ ለማስፈታት አይቸኩሉ። አንድ ቀን በደንብ ትረስ፣ ይጠፋል። ዘንጉ ላይ ራሱ ወተት የመሰለ ነገር ከመጣ ግን ሌላ ወሬ የለም፣ ትቁም።

«ለምን ይህን ያህል ያስፈራራናል» እንዳይሉ ምክንያቱን ልንገርዎት። ናፍጣ የገባበት ዘይት ቀጥኖ ብሮንዚናውን አይሸከምም፤ ይህ አንዱ ነው። የባሰው ግን ልኩ በጣም ሲወጣ ሞተሩ የራሱን ዘይት ወደ ሲሊንደር ስቦ ማቃጠል ሊጀምር መቻሉ ነው። ያኔ ሹፌሩ ማጥፊያውን ቢጎትት አይጠፋም። ሞተሩ ከፓምፑ አይደለም የሚጠጣው፣ ከራሱ ኮፓ ነው። እየጮኸ፣ እየጨሰ፣ ዙሩ እየጨመረ እስኪፈነዳ ይሄዳል። ያኔ የሚያቆመው አየር መከልከል ብቻ ነው፤ የአየር መሳቢያውን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ መድፈን። በእጅ በጭራሽ አይሞከርም። ሹፌሩ ይህን ዛሬውኑ ይወቀው፤ አንድ ቁራጭ ጣውላም ከመቀመጫው አጠገብ ይኑረው።

ምክንያቱ ተገኝቶ ሲጠገን ዘይቱም ፊልትሮውም አብረው ይቀየራሉ። ጥቂት ቀድቶ ልኩን ማውረድ ብቻ ጥገና አይደለም።

ከመተማ፦ ቤላሩስ ነው የምነዳው፣ ባለ 80ው። ዘይት ቀይረን በሦስተኛው ቀን ጥቁር ሆነ። ጓደኞቼ የተጭበረበረ ዘይት ነው የሸጡላችሁ ይላሉ። ደግሞ ሞተሩን ሳጠፋው ከጎኑ «እእእም» የሚል ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይሰማል። ይህስ ምንድነው?

ድምፁ ጤና ነው። እንዲያውም የጠፋ ቀን ነው የምትሰጋው።

ከሚንስክ የመጣው ይህ ሞተር፣ ዲ-240፣ ዘይቱን የሚያጣራው እንደ ማሴ በወረቀት ፊልትሮ ሳይሆን በራሱ በዘይቱ ግፊት በሚሽከረከር ማጣሪያ ነው። ቆሻሻው በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ግድግዳው ይወረወርና እዚያው ይጋገራል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እሱ ወዲያው አይቆምም፤ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ድረስ ሲሽከረከር ይሰማል። ስታጠፋው ጆሮህን አቅናና አዳምጥ። ድምፁ ካጠረ ወይም ጨርሶ ከጠፋ ማጣሪያው ሞልቷል ወይም ተይዟል፤ ይፈታ፣ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ጥቁር ጭቃ በእንጨት ይፋቅ፣ በናፍጣ ይታጠብ። በብረት አትፋቀው። ከተጫረ ሚዛኑ ይዛባል።

ስለ ጥቁረቱ አትጨነቅ። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያመርታል፣ የዘይት ሥራ ደግሞ ያንን ጥላሸት አቅፎ መያዝ ነው። የጠቆረ ዘይት ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ያረጀ ሞተር ላይ ፋሻዎቹ፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ስላለቁ በሦስተኛው ቀን ቀርቶ በመጀመሪያውም ቀን ሊጠቁር ይችላል። መቀየሪያው ጊዜ በሰዓት ቆጣሪው ይታወቃል፣ በቀለም አይደለም።

ልኩን ስታይ ግን አንድ ነገር ልብ በል። ይህ ሞተር 15 ሊትር ያህል ይይዛል፣ ከማሴ 135 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ዘንጉ ላይ ትንሽ የምትመስል ጉድለት ብዙ ዘይት ልትሆን ትችላለች። ሌላው፣ ካሚቻዎቹ (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው የሲሊንደር እጀታዎች) ውኃው በቀጥታ የሚነካቸው ዓይነት ናቸው። ከሥራቸው ያሉት የጎማ ቀለበቶች ሲያረጁ ውኃ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ለባሌዋ እህታችን የጻፍኩትን የብሎን ምርመራ አንተም አልፎ አልፎ አድርገው።

ካልጠየቅኸኝም ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም አገርህ አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያው ሥር ያለው ሳህን ውስጥም ዘይት አለ፣ የራሱም ምልክት አለው። በአቧራ ወቅት እሱንም በየቀኑ እየው። ጭቃ ከሆነ አጥበህ ቀይር፣ ከምልክቱ ግን አታሳልፍ። ከበዛ ሞተሩ ከአየሩ ጋር ይስበዋል። ያ ደግሞ ቅድም ወዳወራነው፣ አልጠፋም ወዳለው ሞተር ይወስድሃል።

ከሻሸመኔ፦ ዘይት ተወዷል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ አጣርቼ ለመጨመሪያ ብቻ ብጠቀምስ? ለመቀየሪያ አይደለም።

አታድርገው። ጨርቅ የሚያስቀረው ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው። ውስጡ የሟሟው አሲድ፣ ናፍጣውና ደቃቁ ብረት ያልፋል። የተቃጠለ ዘይት ለአጥር እንጨት፣ ምስጥ እንዳይበላው፣ ይቀባል። ለሞተር አይመለስም። ለአሮጌ ሞተር ውድ ዘይት አያስፈልግም፤ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ ተራ 15ደብልዩ-40 (የዘይቱ የውፍረት ቁጥር ነው) ይበቃዋል፣ በቆላ ቁጥር 40 የሚጠቀሙም አሉ። ብቻ ማሸጊያው ያልተነካ፣ ከምታውቀው ሱቅ የተገዛ ይሁን።

ከወልቂጤ፦ የዘይት መለኪያዬ ተሰብሮ ከሌላ ሞተር የተፈታ ገዛሁ። ይገባል፣ ግን ትንሽ የረዘመ መሰለኝ። ችግር አለው?

አለው። ዘንጉ ከረዘመ ጫፉ ወደ ዘይቱ ጠልቆ ይገባል፤ የጎደለው ሙሉ ይመስልሃል። ካጠረ ደግሞ ሙሉውን ጎደለ እያለ ያስጨምርሃል። ይህ ችግር ዘንጉ ባልተሰበረበትም ትራክተር ላይ አለ። በዕድሜው ሞተሩ ተቀይሮ፣ ኮፓው ከሌላ ተፈትቶ ገብቶ፣ ዘንጉ ግን የድሮው የሆነ ስንት ትራክተር አለ መሰለህ። አሮጌ ትራክተር የገዛ ሁሉ አንዴ ይህን ማድረግ አለበት።

በሚቀጥለው ዘይት ስትቀይር፣ ሞተሩ ሞቅ እያለ ደልዳላ ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ አፍስሰው። ፊልትሮውንም ቀይር። ከዚያ ለሞተርህ የተጻፈውን መጠን በሊትር ለክተህ ሙላ፤ መጠኑን የባለቤት መመሪያው ላይ ወይም የሞተሩን ቁጥር ይዘህ የመለዋወጫ ሱቅ ጠይቅ። በግምት አትሙላ። አስነሥተህ ግፊቱ እስኪወጣ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። ይህን የምልህ ባዶው ፊልትሮ የራሱን ድርሻ ዘይት ስለሚጠጣ ነው፤ ሳታስነሣ የምታየው ልክ ከእውነተኛው ይበልጣል። አጥፋ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ ዘንጉን ምዘዝ። ዘይቱ የደረሰበት ያ ነው ያንተ የላይኛው ጭረት። በሞረድ ቀስ ብለህ ምልክት አድርግበት፣ የሞረዱን ብናኝ ግን በደንብ ጥረገው። የድሮውን ጭረት ደምስሰው፣ ወይም ለሹፌሩ አሳየው፤ ሁለት ዓይነት ምልክት ያለበት ዘንግ ሰው ያሳስታል። የታችኛውን ለማግኘት አዲሱን ዘንግ ከስባሪው ጎን አስተኛው። ስባሪው ላይ ሁለቱም ጭረቶች ካሉ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክተህ ወደ አዲሱ አዛውር።

ከእስራኤል፦ እዚህ በምሠራበት ሞሻቭ (የገበሬዎች የኅብረት መንደር) አንድ አሮጌ ፎርድ 5000 ለዓመታት ቆሞ ነበር። ባለቤቱ «ካስነሣሃት ያንተ ናት» አለኝ። ዘንጉን ሳየው ዘይቱ በሁለቱ ጭረቶች መካከል ነው። ባትሪ ገዝቼ ልሞክራት?

እንኳን ደስ ያለህ፤ ፎርድ 5000 በደንብ ከተያዘች አታሳፍርም። ግን ቆይ። ዘንጉ መጠኑን እንጂ ምን እንደሆነ አይነግርህም። ለዓመታት የቆመ ሞተር ኮፓ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ የጭስ ማውጫው አፍ ያልተከደነ ከሆነ። በአሮጌው ዘይት አታስነሣት። አፍስሰው፣ የሚወጣውን እይ፣ ፊልትሮውን ቀይር፣ በአዲስ ሙላ።

የናፍጣ ፓምፑንም እይ። ከረዥም ሳጥን ላይ ቱቦዎቹ ተሰልፈው የሚወጡበት ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም በመስመር የተደረደረው፣ እሱ የራሱ ዘይት አለው። ከሞተሩ ዘንግ ጋር አይገናኝም። ጎኑ ላይ የልክ ማሳያ ትንሽ ብሎን አለ፤ ስትፈታው ዘይቱ እስከዚያ መድረስ አለበት። ብዙ ሰው የሞተሩን ዘይት እየቀየረ ይህችን የሚረሳት መኖሯን ስለማያውቅ ነው። እዚያ ውስጥም ናፍጣ ሾልኮ ልኩን ሊያወጣው ስለሚችል በግምት አትጨምር፣ አፍስሰህ በአዲስ ተካው።

ከዚያ ማጥፊያው እንደተጎተተ፣ ናፍጣ እንዳይሄድ፣ በሞተሪኖው (በማስነሻ ሞተሩ) አዙራት። አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ሞተሪኖው ይረፍ፣ እንደገና። የዘይት ግፊት ማሳያው ሲንቀሳቀስ ወይም መብራቱ ሲጠፋ ያኔ ማጥፊያውን መልሰህ አስነሣት። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ከሠራች በኋላ አጥፍተህ ልኩን እንደገና እይ፤ በማግሥቱ ጠዋትም እይ። ከወጣ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ጽፈነዋል።

ከአርባ ምንጭ፦ ሁለት ሹፌሮች እየተፈራረቁ ይነዳሉ። ዘይቱን ማን፣ በየስንት ጊዜው ይይ?

በየቀኑ፣ ሞተሩን ጠዋት የሚያስነሣው ሰው፣ ከማስነሣቱ በፊት። ሌላኛው የሚያየው ፈረቃ ሲረከብ ሞተሩ ለ15 ደቂቃ ጠፍቶ ከቆመ ብቻ ነው። አንድ ደብተር በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አኑሩ። ቀኑ፣ የሰዓት ቆጣሪው ቁጥር፣ ዘይቱ ዘንጉ ላይ የት እንደደረሰ፣ ስንት እንደተጨመረ። አራት ነገር ብቻ። የጨመረ ሰው ሳይጽፍ ከሄደ በማግሥቱ ዘይቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ የጓደኛው እጅ ይሁን የተቀደደ ፓምፕ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ያልተጻፈ ጭማሪ ካጋጠማችሁ አሽትታችሁ፣ ወረቀት ላይ ሞክራችሁ፣ ናፍጣም ውኃም አለመግባቱን ሳታረጋግጡ አታስነሡት።